የውሃ አባቱ እግር

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ነገር ሥሩ የአያ ወንዳወቅ ቀኝ እግር ነው።

አያ ወንዳወቅ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ ከላህ ወንዝ ተጠልፎ በሚወርደው ቦይ ላይ የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት ማለት በበጋ ወንዙ ሲመነምን ውሃውን ለየማሳው በተራ እንዲያከፋፍል ሕዝቡ መርጦ ያስማለው ሰው ነው። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ጠብ ግን ሞልቶታል። ወንድም ወንድሙን በአካፋ የሚፈልግበት ወቅት ነው። አያ ወንዳወቅ ግን ዱላቸውን በአንዱ ማሳ አፍ ላይ ካጋደሙ ውሃው የዚያ ሰው ነው፤ ካነሱት አበቃ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ ቢመጣ አይመልሰውም። እንዲህ ነበር የሚከበሩት።

ማሳው መጥገቡን የሚያውቁት ታዲያ በሰዓት አልነበረም። የፕላስቲክ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ሱሪያቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ፣ ቀኝ እግራቸውን ከማሳው መሐል ያሳርፋሉ። ጭቃው ቁርጭምጭሚታቸውን ከዋጠው ቀና ይሉና ከቦዩ ራስጌ እስከ ግርጌ በሚሰማ ድምፅ «ጠጥቷል!» ይላሉ። በቃ፣ ውሃው ወደሚቀጥለው ይዞራል። እግራቸው ካልሰጠመ ግን ማንም ምንም ቢል ውሃው አይነሣም። ተራው ደርሶ ማሳውን እስከ ቁርጭምጭሚት ያላጠጣ ሰው ደግሞ ውሃው አላስፈለገውም ተብሎ ተራው ይወድቃል፤ ጎረቤቶቹ ይካፈሉታል። የሰው ማሳ ሳይፈቀድለት ያጥለቀለቀ ሰው የራሱን ተራ ለተበደለው ይለቃል። የቦዩ ሕግ ይኸው ነው፤ ከአባት የወረደ ነው፣ የሚከራከረውም አልነበረም።

እናኑ እስክትመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

እናኑ የአያ ወንዳወቅ የልብ ወዳጅ የነበረው ሰው ልጅ ናት። ባሕር ዳር አጠገብ ካለ የአበባ እርሻ ለዓመታት ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ፣ አባቷ ሲሞት ወደ መሬቷ ተመለሰች። መሬቷ ከቦዩ ግርጌ ነው፤ ውሃው እዚያ የሚደርሰው ደክሞትና ቀጥኖ ነው። ዘመኑ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ሞዴል አርሶ አደር ለተባለ በየስብሰባው የሚጨበጨብበት ዘመን ነበር። እሷን ግን ማንም ሞዴል አላላትም። ብቻዋን የባሕር ዛፍ አጣና ተከለች፣ ጎበጥ አድርጋ አዋቀረችው፣ ነጭ ላስቲክ አለበሰችው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሳቀ።

«እናኑ ዳስ ጣለች! ሙሽራው ማነው?» አሏት።

«ኪያር ነው!» አለች ሥራዋን ሳታቆም።

እውነትም ኪያር ነበር። ከላስቲኩ ቤት ጎን ጉድጓድ ቆፍራ ውስጡን በላስቲክ ለበጠችው። ከቆጥ ላይ በርሜል ሰቀለች። ከበርሜሉ ሥር ጥቁር ቀጫጭን ጎማዎች በየመደቡ ዘረጋች፤ ጎማዎቹ በየተክሉ ሥር መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሏቸው። ተራዋ ሲደርስ ጉድጓዱን ትሞላለች። ከዚያ በእግር በሚረገጥ ፓምፕ ወደ በርሜሉ ትስባለች፣ በነጠላ ቁራጭ ታጠልላለች፣ ቧንቧውን ትከፍታለች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ይኼው ነው መስኖዋ። ጉድጓዱ እንደሞላ ደግሞ አያ ወንዳወቅን ትጠራና «በቃኝ፣ የቀረው ለሌላው ይሂድ» ትላለች።

በቃኝ! ያ ቦይ ከተቆፈረ ጀምሮ «በቃኝ» የሚል ቃል ተሰምቶበት አያውቅም። ሰዉ ሁሉ «ትንሽ ጨምሩልኝ፣ ጥግ ጥጉ ቀርቶኛል» ሲል ነው የኖረው።

ይህን ቃል በጥሞና የሰማው ያለው የሚሉት ሰው ነበር። ያለው ከራስጌ ድንች ያለማል። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ድንቹን አብዝቶ ይወድ ነበር እንጂ። ከጥምቀት በፊት በነበረው የቦይ ስብሰባ ብድግ ብሎ «እንግዲህ በራሷ አንደበት በቃኝ ካለች፣ ማሳዋም ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ ካላየ፣ ሕጉ ምን ይላል?» አለ። ሕጉማ የሚለው የታወቀ ነው። እናኑ ተነሣች።

«ጥቂት ወሰድሁ እንጂ አልተውሁትም፤ ከነጭራሹ ከወደቀብኝ ግን ጉድጓዴን በምን እሞላለሁ?» አለች። «እስከ ደብረ ዘይት ታገሡኝ። ያኔ ፍሬ ይዤ ካልመጣሁ ተራዬን ውሰዱት።»

ሁሉም አያ ወንዳወቅን አየ። እሳቸውም «እስከ ደብረ ዘይት ይሁን» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናኑ ኪያር የእሳቸውም ጭንቀት ሆነ።

እንዴት ያለ ልጅ ናት! በልባቸው ይህን ሳይሉ ውለው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ወደ ቦዩ ሲወርዱ ሳያዩዋት አያልፉም። ኪያሩ በሲባጎ ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ በጠዋት ያዩትን ማታ አያገኙትም፣ ጥሎ ሄዷል። ቢጫ አበባው ሥር ጣት የማታክል ፍሬ እሾሃም ፀጉሯን ይዛ ብቅ ትላለች። እናኑ ቅጠል እየገለበጠች ትፈትሻለች፣ የተደፈነ ቀዳዳ በመርፌ ትወጋለች፣ ከላስቲኩ ላይ አቧራ ትጠርጋለች። ያለው ለአንድ ትልም ድንች በሚያፈሰው ውሃ እሷ ሳምንት ትሰነብትበታለች። አያ ወንዳወቅ በሽምግልናቸው የውሃ ነገር ጨርሼ አውቄዋለሁ ሲሉ ኖረው፣ ልጅ እግር መጥታ አዲስ ነገር ስታሳያቸው ቅናት እንኳ አልተሰማቸውም፤ ደስ አላቸው።

አንድ ነገር ግን ከነከናቸው። በመደቦቹ መካከል ጫማቸውን አውልቀው ሲቆሙ ከእግራቸው ሥር ቡን የሚል አቧራ ነው።

«ልጄ፣ ተጠምተዋል እኮ።»

«አልተጠሙም አያ። የሚጠጡት በሥራቸው ነው፤ እኛ የምንረግጠውን መንገድ ባጠጣው ምን ይፈይድልኛል?»

«ልክ ነሽ» አሉ። ጆሯቸው ሰምቷል። እግራቸው ግን አልሰማም።

ዓቢይ ጾም ገባና ኪያሩ ማፍራት ሲጀምር፣ ቡሬ ያለች እኅቷ ልጅ ክርስትና ልታስነሣ ሆነ፤ እናኑ ደግሞ የክርስትና እናት ናት፤ አትቀርም። ስትነሣ አያ ወንዳወቅ ደጅ መጣች።

«አንቱን ካልሆነ ማንን አምናለሁ? ጠዋት ጠዋት ቧንቧውን ይክፈቱልኝ፣ በርሜሉ ሲያልቅ ይዝጉልኝ። ሌላ ምንም አይንኩብኝ።»

«ሂጂ፣ ሂጂ! ዓይኔን ከእሱ አልነቅልም» አሉ።

ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚያ ነው። በማግስቱ ቧንቧውን ከፈቱ፣ ጠብታውን እያዩ ተቀመጡ። ጠብ። ይጠብቃሉ። ጠብ። እግራቸውን አሳረፉ፤ አቧራ። ቀኑ ደግሞ የእናኑ ተራ የሚውልበት ቀን ነበር፤ ውሃው ቦዩን ሞልቶ ከደጇ ቆሟል። ያን ጊዜ ነው አንድ ሐሳብ የበራላቸው። ዛሬ ይህ ቤት እስከ ቁርጭምጭሚት ቢጠጣ ሕጉ ተፈጸመ ማለት አይደለም? ያለው ከዚህ ወዲያ ምን አፍ ይኖረዋል? ልጅቱ በቡሬ ክርስትና ስታስነሣ እሳቸው ተራዋን አስከብረውላት ይጠብቋታል!

ዱላቸውን አጋደሙ፣ የበሩን ግድብ በአካፋ ናዱት፣ ውሃውን ለቀቁት። ውሃው በመደቦቹ መካከል እየተንፏቀቀ ገባ፣ ሞላ፣ ሥር ሥሩን ተኛበት። ጫማቸውን አወለቁ። ጭቃው ቁርጭምጭሚታቸውን ዋጠው። አያ ወንዳወቅ በዕድሜያቸው እንደዚያን ቀን ጮኸው አያውቁም።

«ጠጥቷል!»

እናኑ ስትመለስ እሳቸው ከበሩ ቆመው ፈገግ ብለው ነበር የጠበቋት፤ ልክ ሙክት ሊያበረክት እንደቆመ ሰው። እሷ ግን ገና ከሩቁ ቀዘቀዘች። ገብታ አየች። ላስቲኩ ከውስጥ በላብ ተነክሯል፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ፀሐይ ሳይበረታ ጠውልገው ተንጠልጥለዋል።

«ማነው ያስገባው?»

«እኔ ነኝ ልጄ! አጠጣሁልሽ። እንግዲህ ያለው አፉን ይያዝ።»

እናኑ ከደጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አዩ። አያ ወንዳወቅ ፈገግታቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ተነሣችና «አካፋውን ያቀብሉኝ» አለች፤ ገብታ የውሃውን መውጫ ትቆፍር ጀመር። እሳቸውም ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ አብረዋት ቆፈሩ።

በሥራው መካከል ነገረቻቸው። ሥር እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ ውሃ ሲተኛበት ይታፈናል፤ በታፈነ ቤት ውስጥ ደግሞ እርጥበት በሽታ ይጠራል። እንደተናገረችውም ሆነ። ተክሉ ከግርጌው ቢጫ እየሆነ ወጣ፣ ከአንገቱ ጠቆረ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ይወድቃል። የላስቲኩን ጎንና ጎን ገልጣ አየር አስገባች፣ አፈሩን ከየአንገቱ ፈቀቅ አደረገች፣ የታመመውን እየነቀለች ከሩቅ ቀበረች። አያ ወንዳወቅ የተነቀለውን በከረጢት ተሸክመው ሲያመላልሱ ቀብር የሚወጡ ይመስሉ ነበር። ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ሀብትነሽ እህል እያቀረቡ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ።»

«ተይኝ እስቲ፣ ሀብትነሽ!»

«ምን አልሁ? ተረት ነው።»

ከመደቦቹ ግማሹ ሞተ። ግማሹ በእናኑ እጅ ተረፈ። አያ ወንዳወቅ ለስብሰባው እነግራለሁ ሲሏት እሷ ናት እንቢ ያለች።

«ለክፋት እንዳላደረጉት አውቃለሁ። የውሃ አባት ማሳ ገደለ ከተባለ ግን ነገ ዱላዎን ማን ይሰማል? ወንዙ ገና ይቀንሳል፤ ሰው በአካፋ ይፋጃል። ዝም ይበሉ አያ። የራሴን እኔ እችለዋለሁ።»

እንግዲህ ይህን ያለችው ተራዋ ሊወድቅ አንድ ሐሙስ የቀራት ሴት ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልጣማቸውም።

ደብረ ዘይት ደረሰ። ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እናኑ በሰፌድ ኪያር ይዛ መጣች፤ አረንጓዴ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። ያለው ሰፌዱን አየ፣ እሷን አየ።

«ለዚህ ለአንድ ሰፌድ ነው ውሃ የያዝሽው? እኔ በደጅሽ ሳልፍ አይቻለሁ፤ ቤቱ ግማሹ ባዶ ነው። ዋሸሁ?»

«አልዋሸህም። ግማሹ ሞቷል።»

«በምን ሞተ? አንድ ቀን ጠጥቷል ቢባልልሽም በጥማት አይደል?»

እናኑ መሬት መሬት አየች። አፏን ብትከፍት ነፃ ትወጣለች። አልከፈተችም። አንዱ «እንግዲህ ሕግ ነው፤ ይውደቅ» አለ፣ ሌላው «ይውደቅ» አለ። ቃሉ ዞሮ አያ ወንዳወቅ ዘንድ ደረሰ። ዱላቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«በጥማት አልሞተም» አሉ። «በጥጋብ ነው የሞተ። የገደልሁትም እኔ ነኝ።»

«ኧረ አያ ወንዳወቅ!»

«ዝም በሉ፤ ልጨርስ! ምንም አይንኩ ብላኝ ብትሄድ በራሷ ተራ ውሃ ለቀቅሁበት። ለምን? በእግሬ ስለማምን። ይህ እግር ጤፍና ድንች ያውቃል፣ ኪያር አያውቅም። አሁንም አይናገሩ ብላ ለምናኝ ነበር፤ ተራዋን ልታጣ ደርሳ የእኔን ክብር ትጠብቃለች። እንዲህ ያለች ልጅ ከዚህ ቦይ ላይ ወጥታ አታውቅም። የእሷ ተራ አይወድቅም። የሰው ማሳ ያጥለቀለቀ የራሱን ተራ ይልቀቅ ይላል ሕጋችን፤ እስከ ፋሲካ የእኔ ተራ የእናኑ ነው። ዱላውንም እነሆ።»

ዱላውን መሬት ላይ አኖሩት። ማንም አልነካውም። ቀድሞ የተናገረው ራሱ ያለው ነበር።

«አያ፣ ሽንኩርትዎ እኮ ገና ኮረት ሊቋጥር ነው። አሁን ውሃ ካጣ ያልቅልዎታል።»

«ሕጉ ለአንተ ድንች ብቻ ነው እንዴ የወጣው?»

ሰዉ ሳቀ፤ ያለውም አብሮ ሳቀ። ዱላውን አንሥቶ በሁለት እጁ መለሰላቸው፤ «ራሱን የሚቀጣ ዳኛ ከየት እናመጣለን?» አለ። ከዚያ እፍረቱን ሊያስታግሥ ከሰፌዱ አንድ ኪያር አነሣና ገመጠ። ጭማቂው አገጩ ላይ ወረደበት።

«ይኼማ ውሃ ነው!»

«አዎ፣ ውሃዬ የገባው እዚያ ነው» አለች እናኑ። «መንገድ ላይ አልቀረም።»

እናኑ ተራዋን አተረፈች። የአያ ወንዳወቅ ሽንኩርት ግን በማግስቱ ጾሙን ያዘ። ማሳቸው ከእሷ ማሳ ድንበር ለድንበር ነው፤ በተራቸው ቀን ውሃው በደጃቸው እያለፈ ይሄዳል፣ እሳቸውም በገዛ እጃቸው ዱላውን ወስደው እናኑ ደጅ ያጋድሙታል። መሬቱ መሰነጣጠቅ ጀመረ። የሽንኩርቱ ጫፍ ነደደ። ሀብትነሽ ተረት መተረቱን ትተው ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያሳመማቸው። ቢሆንም «ፈርጃለሁ፣ ፈርጃለሁ» ይሉና ሽንኩርቱን ላለማየት በሌላ መንገድ ዞረው ይሄዱ ጀመር።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሀብትነሽ ከማሳው ዳር ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ ጠሯቸው። የሞተ ነገር ያዩ መስሏቸው እየሮጡ ወረዱ። ከማሳው አናት፣ ከጉብታው ላይ፣ በርሜል ቆጥ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ጥቁር ቀጫጭን ጎማዎች በየሽንኩርቱ መስመር ወርደዋል። እናኑ ጎንበስ ብላ የመጨረሻውን ጫፍ በእንጨት ትቸክላለች።

አያ ወንዳወቅ ጎማውን ለዩት። አንዱ ላይ የደረቀ ጭቃ አለበት፤ እሳቸው የለቀቁት የዚያን ቀን ጭቃ ነው። ከሞቱት መደቦች ላይ ነቅላ ያመጣችው ነበር።

«ልጄ፣ ተራ የለኝም እኮ» አሉ።

«እኔ አለኝ። በፈረዱልኝ ውሃ ያሻኝን አደርጋለሁ፣ አይደለም? ጉድጓዴ ሞልቶ ተርፏል።»

ልማድ ሆኖባቸው ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ፣ ቀኝ እግራቸውን ከመስመሩ መሐል አሳረፉ። ቡን አለ፤ አቧራ። ፊታቸው ተለዋወጠ። እናኑ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«በእግርዎ አይደለም አያ። በጣትዎ።»

አያ ወንዳወቅ በሽማግሌ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። አመልካች ጣታቸውን ጠብታው ከሚያርፍበት፣ ከሽንኩርቱ ሥር ሰደዱት። አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ለስላሳ፣ እርጥብ፤ ጣታቸው እስከ ሥሩ ገባ። እንደተንበረከኩ ቀሩ። ዕንባቸው በሽበታም ጺማቸው ላይ ሲወርድ ሀብትነሽ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

በዚያው መካከል ያለው አካፋውን ተሸክሞ በዳር ሲያልፍ ቆም አለ። በመስመሮቹ መካከል የተሰነጣጠቀውን ነጭ መሬት አየና ከልቡ አዘነ።

«ውይ አያ ወንዳወቅ! ደርቆብዎት ቀረ?»

አያ ወንዳወቅ ጭቃ የለበሰ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ተነሡ። ባዶ እግራቸው ከአቧራው ላይ ነው። ቀና አሉ፤ ከራስጌ እስከ ግርጌ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ።

«ጠጥቷል!»